ቅዳሜ በቴስታቾ፦ የድሃ ማዕድ የከተማ ኩራት ሲሆን

«የምግብ ዝርዝሩን ተወው፤ ቀኑን ጠይቅ» አሉኝ ጋሼ። ሮም ከገቡ አርባ ዓመት ያለፋቸው የአገሬ ሰው ናቸው። የአክሱም ሐውልት ከእ.ኤ.አ. 1937 ጀምሮ ተተክሎ በኖረበት አደባባይ፣ ከተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ሕንፃ አጠገብ ተቀጣጥረን፣ በአቬንቲኖ ጎዳና በእግራችን እናዘግማለን። ሰባት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል፤ የምሳ ሰዓት ነው። «ከትናንት በስቲያ ብትመጣ ኞኪ ትበላ ነበር፤ ትናንት ቢሆን ዓሣ። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ጨጓራ ነው የምንበላው» አሉ።

ሮማውያን ይህን የሳምንት ሥርዓት ልጅ አዋቂው በቃሉ ይዞታል፤ ሐሙስ ኞኪ፣ ዓርብ ዓሣ፣ ቅዳሜ ጨጓራ። ኞኪ ከድንችና ከዱቄት እየተድቦለቦለ የሚሠራ፣ ሆድ የሚይዝ ምግብ ነው። የሐሙስ የሆነው፣ በማግሥቱ ዓርብ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሥጋ ትከለክል ስለነበር አስቀድሞ ጠገብ ለማለት ነው ይላሉ። ቅዳሜ ደግሞ ለእሑድ ሥጋ ሲዘጋጅ፣ ሥጋው ለባለጸጋው ተጠብቆ የሆድ ዕቃው ለድሃው ይደርስ ነበር። ረቡዕና ዓርብን እየጾመ ላደገ ሰው ይህ ባዕድ ነገር አይደለም። የእኛም ማድ ቤት ለቀን መቁጠሪያ ታዛዥ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ረቡዕ ቀን ምግብ ቤት የገባ ሰው ከአስተናጋጁ አስቀድሞ የሚሰማው «የጾም ወይስ የፍስክ?» የሚለውን ጥያቄ ነው።

ወደ አውሮፓ የሚጓዝ ኢትዮጵያዊ ጣሊያን ምግብ ቤት ሲገባ አይደናገጥም፤ ፓስታንም ላዛኛንም ከቤቱ ያውቃቸዋል። የሚያውቀውን ምግብ ግን እዚያ በሌላ ሥርዓት ያገኘዋል። እኔም በዚያ ቅዳሜ ገበታ ላይ አንድ ነገር ተምሬ ተነሥቻለሁ። ምግብ ቤትን ባህላዊ የሚያሰኘው የግድግዳው ጌጥም ሆነ የምግቡ ዕድሜ ብቻውን አይደለም። የሰፈሩ ድሃ ያበሰለውን፣ ስሙን ሳይለውጥ፣ ቀኑን ሳያዛንፍ፣ ለሰፈሩ ሰው ማቅረቡ ነው። ይህን የምጽፈው ትምህርቱ ለእኛም ይበጃል ብዬ ስለማምን ነው።

ከሸክላ ስብርባሪ የበቀለ ሰፈር

የሄድንበት ሰፈር ቴስታቾ ይባላል። ስሙን ያገኘው መሃሉ ላይ ከቆመው ኮረብታ ነው። ኮረብታው 35 ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ ከላይ እስከ ታች ግን የሸክላ ስብርባሪ ነው። በጥንቱ የሮም ዘመን ከስፔንና ከሰሜን አፍሪካ በመርከብ የመጣ የወይራ ዘይት በዚህ ወደብ ይራገፍ ነበር። ዘይቱን የጠጣው እንስራ ለሌላ ነገር ስለማያገለግል እየተሰበረ እዚያው ይደረደራል። በሚሊዮን የሚቆጠር እንስራ በዘመናት ተከምሮ ተራራ ሆነ። በኋላ ሰዎች የኮረብታውን ጎን እየቦረቦሩ የወይን ጠጅ ማቆያ አበጁበት፤ ስብርባሪው አየር ስለሚያሳልፍ ውስጡ ቀዝቃዛ ነውና። ከእነዚያ ጓዳዎች ጥቂቶቹ ዛሬ ምግብ ቤት ናቸው። እኛ የገባንበት ቤት የኋላ ግድግዳው መስታወት ነው። በመስታወቱ ውስጥ የተነባበረው ሸክላ ከነጠርዙ ይታያል። ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ የዘይት እንስራ እያየሁ ምሳ በላሁ።

የሰፈሩን ወጥ የወሰነው ግን ኮረብታው ሳይሆን ቄራው ነው። የሮም ከተማ ከእ.ኤ.አ. 1888 እስከ 1891 ድረስ በዚህ ቦታ ትልቅ ቄራ አሠራች፤ ንድፉ የጆአኪኖ ኤርሶክ ነበር። ቆዳ ገፋፊዎቹና አራጆቹ ከደመወዛቸው ከፊሉን የሚቀበሉት በዓይነት ነበር፤ ጭራ፣ ጨጓራ፣ አንጀት፣ ልብ፣ ሳንባ፣ ጭንቅላት። የታረደ ከብት ለሁለት የፊትና ለሁለት የኋላ ብልት ተከፍሎ ወደ ገበያ ይሄዳል። ከአራቱ ውጪ የሚተርፈውን ሮማውያን «ኲንቶ ኳርቶ» አሉት፤ አምስተኛው ሩብ እንደማለት ነው። ሠራተኛው ይህን ይዞ ወደ ቤቱ፣ አለዚያም በቄራው ዙሪያ ወዳሉት ጠጅ ቤቶች ይሄዳል፤ ሴቶቹም ያበስሉታል። የሮም ስም የተጠራባቸው ወጦች ብዙዎቹ የተወለዱት እንዲህ ነው።

ይህን ስሰማ ወዲያው የታሰበኝ የእኛ ቅርጫ ነው። በቅርጫ በሬው ሲከፋፈል ጉበቱም፣ ጨጓራውም፣ ሽንጡም፣ ጎድኑም በየመደቡ ይደለደላል። ዕጣ የወጣለት ሰው ሀብታምም ይሁን ድሃ ከሁሉም ብልት ጥቂት ጥቂት ይደርሰዋል። ሮም ላይ የሆድ ዕቃ የድሃ ድርሻ የሆነው ክፍፍሉ እኩል ስላልነበረ ነው፤ የቅርጫ ጎረቤታሞች ግን ዱለቱን በአንድ ላይ ይበሉታል። ሆኖም አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ሮማዊው በግድ የተሰጠውን ድርሻ ወስዶ፣ በጊዜና በእሳት አለዝቦ፣ ዛሬ ሚኒስትሩም ወረፋ ይዞ የሚበላው አድርጎታል። እኛ በፍቅርና በእኩልነት የተከፋፈልነውን ዱለት፣ እንግዳ ሲመጣ ከዝርዝሩ እናወጣዋለን።

የምግቦቹን ባሕርይ ላስረዳ። የበሬ ጭራ «ኮዳ አላ ቫቺናራ» ተብሎ በቲማቲምና በብዙ ሰለሪ ለሰዓታት ይንተከተካል፤ ሥጋው ከአጥንቱ በራሱ እስኪለቅ። ጨጓራው ተቀቅሎ በረጅሙ ይከተፍና በቲማቲም ስጎ ይበስላል፤ ሲቀርብ ናና የመሰለ ቅጠልና የበግ ወተት አይብ ይነሰነስበታል። «ፓያታ» የሚባለው ደግሞ የእናቱን ወተት ብቻ የጠባ ጥጃ አንጀት ነው። ወተቱ ሳይወጣ ስለሚበስል ውስጡ እንደ አይብ ይረጋል። በእብድ ላም በሽታ ምክንያት እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ታግዶ ቆይቶ በ2015 ተፈቀደ። ሮማውያን በእነዚያ ዓመታት ስሙን አልረሱትም፤ በጠቦት አንጀት እየሠሩ ጠበቁት።

ገበታው የራሱ ሕግ አለው

ቤቱ ሰፊ አይደለም። ጠረጴዛው የወረቀት ጨርቅ ለብሷል፤ የምግብ ዝርዝሩ አንድ ገጽ አይሞላም፤ የቤቱ ወይን ጠጅ በሩብና በግማሽ ሊትር ማንቆርቆሪያ ይመጣል። በዙሪያችን የነበሩት ሰዎች እርስ በርስ ይተዋወቃሉ። አንዲት አሮጊት ብቻቸውን ተቀምጠዋል፤ አስተናጋጇ ሳትጠይቃቸው ሾርባቸውን አመጣችላቸው። ያ ወንበር የእሳቸው እንደሆነ ቤቱ ያውቃል።

እኔ ግን አንድ ጭንቀት ነበረብኝ። የአሳማ ሥጋ አልበላም። ሮም ደግሞ በአራት የፓስታ ዓይነቶች ትታወቃለች፤ ካርቦናራ፣ አማትሪቻና፣ ግሪቻ እና ካቾ ኤ ፔፔ። ከአራቱ ሦስቱ በጨውና በቁንዶ በርበሬ ታሽቶ የደረቀ የአሳማ ጉንጭ አለባቸው። ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም የአገሬ ተጓዥ ይህን ማወቅ ይጠቅመዋል፤ ስሙን ጓንቻሌ ይሉታል። ጋሼ ስለ እኔ ጠየቁልኝ፤ ካርቦናራውን ያለ ጓንቻሌ መሥራት ይቻል እንደሆነ። አስተናጋጇ አልተቆጣችም፤ አላሳቀቀችንምም። ጭንቅላቷን ቀስ ብላ ነቀነቀች፤ «ያለ እሱ ካርቦናራ አይሆንም። ካቾ ኤ ፔፔ ላምጣለት፤ እሱ አይብና ቁንዶ በርበሬ ብቻ ነው» አለች። ከዚያ ወደ ማድ ቤት ገብታ የጨጓራው ወጥ በምን እንደተቁላላ ጠይቃ ተመለሰች፤ በወይራ ዘይት ነው።

ይህች ትንሽ ምልልስ ለእኔ ትልቅ ነገር አስተምራኛለች። ያ ቤት ደንበኛውን አከበረ፤ ምግቡንም አከበረ። ለእኔ ብሎ ካርቦናራውን አላበላሸም፤ እኔንም ጦሜን አላሳደረም። የእያንዳንዱ ምግብ ስም የቃል ኪዳን ያህል ይጠበቃል፤ ስሙ ካለ ይዘቱ አለ። ሽሮ ብለን ያዘዝነው በየቤቱ ሌላ ዱቄት ተቀላቅሎበት ለሚመጣልን ለእኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ቅደም ተከተሉም እንዲሁ ይጠበቃል። ፓስታ በጣሊያን የመጀመሪያው ሳህን እንጂ ምሳው ሁሉ አይደለም፤ ከእሱ በኋላ ሥጋ ወይም ዓሣ ይመጣል። አታክልቱ ለብቻው ይታዘዛል፤ በነጭ ሽንኩርትና በዘይት የተጠበሰው ቺኮሪያ የጎመን ዘመድ ነው። ስጎው ፓስታውን ያለብሰዋል እንጂ አያጠልቀውም። ሳህኑ ሲያልቅ የተረፈውን ስጎ በዳቦ ጠርጎ መብላት ትልቅ ግብዣ ላይ ነውር ቢሆንም፣ እንዲህ ባለ ቤት ወጡ መጣፈጡን መመስከሪያ ነው። በእንጀራ ጠርጎ ላደገ እጅ ይህ አልከበደም። ቡና የሚመጣው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው፤ አጭርና ጥቁር። ወተት የበዛበት ካፑቺኖ የጠዋት ነው። ማኪያቶ ብትሉም የሚመጣላችሁ በትንሽ ሲኒ ያለ ጥቁር ቡና ጠብታ ወተት ነክቶት ነው፤ አዲስ አበባ በብርጭቆ የምንጠጣው ማኪያቶ ስሙን ከእነሱ ወስዶ መልኩን ራሱ ያወጣ ነው።

ለተጓዥ የሚጠቅም ጥቂት ምክር ላክል። በትልልቆቹ ሐውልቶች ዙሪያ፣ በር ላይ ቆሞ የሚጠራ ሰው ያለበት፣ የምግብ ፎቶግራፍ በስድስት ቋንቋ የተለጠፈበት ቤት የሚኖረው አንድ ጊዜ መጥቶ በማይመለስ ደንበኛ ነው። አሥራ አምስት ደቂቃ ወደ መኖሪያ ሰፈር ግቡ። በምግብ ሰዓት ብቻ የሚከፍትና ከቀትር በኋላ የሚዘጋ ቤት ምልክቱ ጥሩ ነው፤ እራት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በፊት እምብዛም አይጀመርም። ሒሳብ ላይ «ኮፔርቶ» የሚል መስመር በብዙ የጣሊያን ከተሞች ታገኛላችሁ፤ የመቀመጫ ክፍያ ነው። ሮም ያለችበት የላዚዮ ክልል ግን እ.ኤ.አ. በ2006 በሕግ ከልክሎታል። በምትኩ ብዙ ጊዜ የዳቦ ዋጋ ይጻፋል። ጉርሻ ግዴታ አይደለም።

ባህል ለመባል ስንት ዓመት ይበቃል?

ካርቦናራን የሚያህል «ጥንታዊ» የሮም ምግብ የለም ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። ሆኖም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በታተሙ የምግብ መጻሕፍት ውስጥ ስሙ አይገኝም። ከሚታወቁት ቀደምት የታተሙ አሠራሮች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው በቺካጎ ነው፤ በጣሊያን መጽሔት የታየው በ1954 ነው፤ እሱም ዛሬ ሮማዊ የማይቀበለው ነጭ ሽንኩርትና የስዊዝ አይብ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1944 ሮም የገቡት የአሜሪካ ወታደሮች የያዙት የእንቁላልና የአሳማ ሥጋ ስንቅ ከመወለዱ ጋር ሳይያያዝ እንዳልቀረ ብዙ ተመራማሪዎች ይናገራሉ። እንግዲህ አርበኞቻችን ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነፃነታችንን ሲያበሥሩ ካርቦናራ ገና በምግብ መጻሕፍት አልተጻፈም ነበር ማለት ነው።

ቲማቲሙም ቢሆን ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ነው። በጣሊያን የታተመው የመጀመሪያው የቲማቲም ስጎ አሠራር የወጣው በ17ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ፣ ናፖሊ ውስጥ በአንቶኒዮ ላቲኒ መጽሐፍ ነው፤ እሱም ራሱ «እንደ ስፔኖች አሠራር» ብሎ ነው የሰየመው። ደረቅ ፓስታ ደግሞ ዕድሜ አለው። ዐረቡ የጂኦግራፊ ሊቅ አል ኢድሪሲ እ.ኤ.አ. በ1154 ሲሲሊ ውስጥ ትራቢያ በምትባል ስፍራ እየተሠራ በመርከብ ወደ ሌሎች አገሮች ይላክ እንደነበር ጽፏል። የጣሊያን ማዕድ ከዐረብ፣ ከስፔን፣ ከአሜሪካ፣ ከሮም አይሁዳውያን ሰፈር የተዋጣ ማዕድ ነው።

ታዲያ ያ ቤት ባህላዊ ነኝ ሲል ዋሸን? አልዋሸም። የውጭውን ተቀብሎ ሥርዓት አበጅቶለታል፤ ሥርዓቱን ደግሞ ጽፎታል። የጽሑፉን ነገር ላስምርበት። ፔሌግሪኖ አርቱሲ የሚባል ነጋዴ የነበረ ሰው እ.ኤ.አ. በ1891 የቤት ውስጥ ምግብ አሠራሮችን የያዘ መጽሐፍ በራሱ ገንዘብ አሳተመ። የመጀመሪያው እትም 475 አሠራሮች ነበሩት። አንባቢዎች፣ በተለይም የቤት እመቤቶች፣ በደብዳቤ እየጨመሩለት በመጨረሻ 790 ደረሱ። ጣሊያን አንድ መንግሥት ከሆነች ገና ሠላሳ ዓመቷ ነበር፤ የአንዱ ክልል ሰው የሌላውን ክልል ማዕድ ያወቀው በዚያ መጽሐፍ ነው። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1986 የአሜሪካው ማክዶናልድ በሮም ስፓኛ አደባባይ ሲከፍት፣ ካርሎ ፔትሪኒና ጓደኞቹ ተቃውሞ አሰሙ። ከዚያ የተወለደው «ስሎው ፉድ» የተሰኘው እንቅስቃሴ እንዲህ ያሉትን የሰፈር ምግብ ቤቶች እየመዘገበ መምሪያ መጽሐፍ ማውጣት ጀመረ። ባህሉ የቆየው ሰው ስለጻፈው፣ ሲነካ ስለተቆጨለትና በየሳምንቱ ስለበላው ነው።

ስጎ የእኛ ሆኗል

ከጣሊያን ማዕድ ፊት የተቀመጠ ኢትዮጵያዊ ሌላም ነገር ያስባል። ፓስታ ወደ ቤታችን የገባበት መንገድ በደም የታጠበ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው ወረራ፣ የየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ፣ የመርዝ ጋዙ፣ ይህ ሁሉ ከስጎው ጋር አንድ ዘመን ነው። ያን ቀን የተነሣንበት አደባባይም ይህንኑ ይናገራል። ተዘርፎ የተወሰደው ሐውልት አክሱም የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ዳግም የተተከለው በ2000 ዓ.ም.። ጋሼ ያንን ቦታ ለቀጠሮ የሚመርጡት ሆን ብለው ነው። «ባዶነቱን ሳየው ደስ ይለኛል፤ ከዚያ በኋላ የምበላው ይጥመኛል» አሉኝ።

ሕዝባችን ወራሪውን አባርሮ ያስቀረውን ነገር በራሱ እጅ አሻሽሎታል። ስጎ፣ ፉርኖ፣ መኮሮኒ፣ ማኪያቶ፣ ቦርሳ፣ ካቻቢቴ፣ ፍሬን፣ እነዚህ ቃላት ዛሬ አማርኛ ናቸው። እናቶቻችን ስጎው ላይ በርበሬ ጨመሩበት፤ ፓስታውን በእንጀራ አቀረቡት። የቡና ቤቱ የቶሞካ ስም የጣሊያንኛ ቃላት ምሕፃር ነው፤ የሚቆላው ግን የእኛን ቡና ነው። ካርቦናራ በወታደር ስንቅ ተጀምሮ የሮም ባህል ከሆነ፣ ፓስታ በቀይ ስጎም የአዲስ አበባ ባህል ነው ብሎ ለመናገር የሚያሳፍር ነገር የለም።

እህሉም ቢሆን ከእኛ ሩቅ አይደለም። የጣሊያን ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ ደረቅ ፓስታ ከዱረም ስንዴ እንዲሠራ ያዛል። ሩሲያዊው የእህል ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያን ዞሮ ሲያይ ከሁሉ በላይ ያስደነቀው የዚሁ ስንዴ ዓይነት ብዛት ነበር። ከዚያ ወዲህም አገራችን በዱረም ስንዴ ብዝኃነት ከዓለም ቀዳሚዎች እንደ አንዷ ትቆጠራለች። ያን ብዝኃነት ያቆየው ስሙ ያልተጻፈ የጎጆ ገበሬ ነው።

ወደ ቄራ

አዲስ አበባም ቄራ የሚባል ሰፈር አላት፤ ስሙን ያገኘው ከከብት ማረጃው ነው። ዙሪያው በሥጋ ቤት ተሞልቷል፤ ጠዋት ጠዋት ዱለት ይቀርባል። የቴስታቾው ቄራ እ.ኤ.አ. በ1975 ተዘግቶ ዛሬ የሥነ ጥበብ ማሳያና የዩኒቨርሲቲ ግቢ ሆኗል። ወጡ ግን አልተዘጋም፤ የሰፈሩ ሰው የሥራውን ምግብ ከሥራው በኋላም ጠብቆታል። ነገ የእኛ ቄራ ከቦታው ቢነሣ የሚተርፈን ምንድን ነው? የዱለቱን አሠራር የጻፈ ማን ነው? የምላስ ሰንበሩን ልክ የሚያውቁት እናቶች ሲያልፉ ሙያቸው በማን እጅ ይቀራል?

በከተማችን ባህላዊ ምግብ ቤት ስንል ብዙውን ጊዜ የምናስበው ጭፈራ ያለበትን፣ እንግዳ የሚጋበዝበትን አዳራሽ ነው። እነሱ ይኑሩ፤ ሙዚቀኛውም ተወዛዋዡም እንጀራውን ያገኝባቸዋል። ነገር ግን ባህሉ የሚያድረው እዚያ አይደለም። ባህሉ ያለው ረቡዕ ረቡዕ የሽንብራ አሳ በምትሠራዋ ሴት ቤት፣ ቅዳሜ ጠዋት ጨጓራ አጥቦ ዱለት በሚከትፈው ሥጋ ቤት፣ ሽሮዋን ራሷ አስፈጭታ ከምታቀርበው ጎረቤት ዘንድ ነው። እነዚህ ቤቶች የሚኖሩት እኛ ስንበላባቸው ነው።

ስለዚህ ለምግብ ቤት ባለቤቶች የማቀርበው ልመና አጭር ነው። ዝርዝራችሁን አሳጥሩ፤ የምትችሉትን ብቻ ጻፉበት። ቅቤው ከየት እንደመጣ፣ በርበሬው የማን እንደሆነ ተናገሩ። ዱለትን እንግዳ ሲመጣ አትደብቁት፤ ስሙን በትልቁ ጻፉት፤ ቀንም ስጡት። ለባህልና ለቱሪዝም ተቋሞቻችን፣ ለትምህርት ቤቶቻችንም የምለው አለኝ፤ የእናቶችን አሠራር በየክልሉ፣ በልኩና በስሙ እየመዘገባችሁ አሳትሙ። የመጀመሪያው እትም አንባቢ ሲጨምርበት ያድጋል። ለአንባቢዬ ደግሞ፦ ሮም ከሄድክ ሰፈር ውስጥ ግባና ቀኑን ጠይቅ። ከሄድክበት ስትመለስም በራስህ ሰፈር ያንኑ ጥያቄ ጠይቅ፤ መልስ የሚሰጥህን ቤት ካገኘህ ልጆችህን ይዘህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሂድበት።